ጸበል ይፈላል ወይ?

ቄስ ገብረ ዮሐንስ የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሀብተ ሥላሴን በጋቢያቸው ጠቅልለው ጋሸና መገንጠያ ላይ ቆመዋል። ከላሊበላ የመጡት ደሴ ለመሄድ ነው፤ ልጁ ነገ ሐኪም ቤት የወሩን መድኃኒት በደም ሥሩ ይወስዳል። እዚህ ሲደርሱ ግን ልባቸው ሸፈተ። "ሁለቱን ወንድሞቹን በሳንባ ምች ቀብሬአለሁ፤ ይኼንንስ ጸበል ብወስደው?" እያሉ ወደ ላሊበላ የሚመለስ መኪና በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒት ያቆማል፤ እሳቸው የሚያውቁት ልማድ ይኼ ነው። የተጨነቀ ሰው መቼም አንድ ቦታ አይረጋም።

"አባ፣ ደህና ዋሉ? ልጁን ምን ነካው?" አለቻቸው ሰአዳ፤ የጋሸናው ነጋዴ የመሐመድኑር ልጅ፣ ልጁ በሚታከምበት በደሴው ሐኪም ቤት ነርስ ናት።

"ምኑን እነግርሻለሁ ልጄ! ክትባቱን አንድ ሳይቀር ተከትቧል፤ ከሳል ግን አልተላቀቀም። ታዲያ ምን ጠቀመው? እናቱን ባንችይርጋን የያዛት እርግማን ነው መሰለኝ።"

"ያረቢ! እንዲህ አይበሉ አባ። እርስዎ ዜማ ያስተምሩ የለ? ክትባትም ደምን ማስተማር ነው፤ ደም በሽታውን አጥንቶ መከላከያ ይሠራለታል። የዚህ ልጅ ደም ግን ቢነግሩት ቢነግሩት አይዝም። በዘር የመጣ ነው፤ እናቱ ሳትታመም ለወንዶቹ ታወርሳለች። እሷ ምን አጠፋች?"

ቄሱ ዜማ አልይዝ ያለውን ተማሪ በአለንጋ የሚገርፉ ነበሩና ትንሽ አፈሩ። "የደሴው መድኃኒትስ ምንድን ነው?"

"ከብዙ ጤነኛ ሰዎች ደም የተወሰደ መከላከያ ነው። የራሱ መሥራት ቢያቅተው የሌሎቹን ይሰጡታል። ወር ሲሞላ ያልቃል፤ ካቋረጡት ልጁ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው።"

"እግዚኦ! ጸበሉስ?"

"ይጠመቅ፣ ማን ከለከለ? መድኃኒቱን ብቻ አይተው። የሚጠጣው ግን ይፈላ።"

"ጸበል ይፈላል ወይ! አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ጉድ ልታሰሚኝ ነው!" ብለው ተቆጡ። ይኼኔ ልጁን ሳል ያዘው። ደረቱ ሲያቃስት በክንዳቸው ተሰማቸው፤ ከወንድሞቹ ደረት የሰሙትም ይኸው ነበር።

"አብሽሩ አባ" አለች ሰአዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አስቀድመው አፍልተውት፣ ሲቀዘቅዝ ቢባርኩትስ?"

ቄሱ አርባ ዓመት ውኃ ባርከዋል፤ የፈላ አይባረክም የሚል ግን አንብበው አያውቁም። "ይኼስ ይሆናል" አሉ በመጨረሻ።

ረዳቱ "ላሊበላ! አንድ ሰው!" እያለ ተጣራ። ቄሱ ፊታቸውን አዞሩበትና "በወልድያ አድርጎ ደሴ የሚሄደው የቱ ነው?" አሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ወር አልዘለሉም። በቤታቸው ሳይፈላ የሚጠጣ ውኃ የለም፤ የሚያስለው ጠያቂም ልጁን መሳሙ ቀርቶ ከደጅ "እግዜር ይማርህ" ብሎ ይመለሳል። በሽታ በጎረቤት በኩል እንዳይገባበት የመንደሩን ልጆች ቄሱ ራሳቸው እየሰበሰቡ ያስከትባሉ። ባንችይርጋንም ይቅርታ ጠይቀዋታል። ሀብተ ሥላሴ ወንድሞቹ ያላዩትን ሰባት ዓመት ደፈነ።

አለንጋውም ከተሰቀለ ቆየ። ዜማ አልይዝ ያለው ተማሪ ሲያጋጥማቸው "ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል፤ እስክትችል እኔ እይዝልሃለሁ" ይሉታል።