ለዶክተር ተመስገን

«ልጄ፣ ቦርሳሽን ከወንበሩ ላይ አንሺልኝ፤ እግሬ አልሸከመኝ አለ» አሉኝ አንዲት እናት፣ እዚህ በስደት አገር፣ ወደ ካሮልተን በሚሄደው ባቡር ላይ። አብራቸው ሆቴል የምታጸዳ ሴት አጠገባቸው ቆማ ትጨቀጭቃቸው ጀመረች።

«ዶክተሩ ምን አለዎት እማማ?»

«‹እግርሽስ?› ሲለኝ ‹ተመስገን› አልኩታ። አስተርጓሚዋም በስልክ ‹ደህና ናት› አለችው።»

«ስኳር ይዞዎት ተመስገን?»

«ታዲያ ሰው እንዴት ነሽ ሲል ምን ይባላል?»

«ተመልሰው ይንገሩታ!»

«በነጻ የሚያክመው ክሊኒክ ጭራሹን ተዘጋ እኮ። ሌላው ደግሞ ኢንሹራንስ አምጪ ይላል።»

«ሥራውን እንኳ ይተዉት።»

«ኪራዬን አንቺ ልትከፍይልኝ ነው?»

«እስቲ ጫማዎን ያውልቁት።»

አወለቁ። ሁለት ጣታቸው ጠቁሯል።

«አሁንማ አያመኝም» አሉ።



ጣቶቹን እያየሁ መቀመጥ አቃተኝና ከመውረጃዬ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።