የሻይ ኩኪስና የጓሮው አምፖል

ና መገርሳ፣ እዚህ ድንጋዩ ላይ አረፍ በል፤ ጥላው ገና አልሸሸም። ጉልበትህስ እንዴት ነው? የእኔማ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ዛሬም ነግሮኛል፤ ግን ከቃሊቲ የሚወጣው የጭነት መኪና አቧራ ከደመናው እየበለጠ ማን ያምነዋል? ሥርጉት ጠዋት ያሰጣችውን ልብስ መልሳ አጠበችው። ሚስቴን ታውቃታለህ፣ አቧራን እንደ ባላጋራ ነው የምታየው።

እንዴት አደርሽ ልጄ። ባጃጅ እየጠበቅሽ ነው? ካርቶኖቹን መሬት ላይ አታስቀምጪ፣ እዚህ ጥግ ይሁኑልሽ። እኛ ሽማግሌዎች የራሳችንን ወሬ ነው የምናወራው፣ አትስሚን።

ምን እያልኩህ ነበር መገርሳ? አዎ፣ ስለ ሙያ። የዘንድሮ ልጆች ሙያ የላቸውም የሚል ሰው ሐሰተኛ ነው። አንዲት ሴት አለች… ስም አልጠራም፤ ወልደሚካኤል እንዲህ አለ ተብሎ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይጣላ። ኩኪስ ትጋግራለች። ሰርግ ላይ የሚቀርበው ዓይነት እንዳይመስልህ፤ የጃፓን ሻይ የሚገባበት ነው። ሆጂቻ ይሉታል። ጃፓኖች የሻዩን ቅጠል እኛ ቡና እንደምንቆላው ቆልተው፣ ፈጭተው ይልኩታል፤ እሷ ደግሞ ከዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር ጋር ትለውሰዋለች። መልኩ የቆርቆሮ ዝገት ይመስላል፣ ጣዕሙ ግን ልዩ ነው አሉ። እኔ አልቀመስኩም። ሻይ በብርጭቆ ስንጠጣ የኖርን ሰዎች ነን፤ ሻይ እንደሚታኘክ በዚህ ዕድሜዬ ማወቄም አንድ ነገር ነው።

ርኅራኄዋን ደግሞ ብታይ… እናቷን ደረታቸውን ያማቸዋል። ክፍላቸው ወደ መንገዱ የሚያይ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ከፍተው እንዴት አደራችሁ ይሉን አልነበር? አቧራ ይገባባቸዋል ብላ አዘነችላቸው። አውጥታ ጓሮ፣ የድሮው ማድ ቤት ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ባዶ ክፍል ደግሞ አያምርምና ኦቭኑን እዚያ አስገባችው። እናት ማድ ቤት፣ ምድጃ መኝታ ቤት… አንተ ብትሆን ይህ ይታሰብህ ነበር? እኔ አይታሰበኝም። መማር እንዴት ጥሩ ነገር ነው።

አንዱ ችግር መብራቱ ነው። ግቢው ባለ አንድ ቆጣሪ ነው፣ መስመሩም ያረጀ። ኦቭኑንና የጓሮውን መብራት ባንድ ላይ አልችልም ስለሚል፣ ኦቭኑ ሲበራ የጓሮውን ታጠፋዋለች። እኛ ጎረቤቶች መጠየቅ ትተናል። የእናትየዋ አምፖል ከጠፋ ኩኪሱ ገብቷል፤ ከበራ ወጥቷል። ሰሞኑንማ አምፖሉ ብዙም አልደከመም… ትዕዛዝ በዝቷል። እሑድ የእናቶች ቀን ነው አሉ። ካርቶኑ በሪባን ታስሮ ላዩ ላይ “ለውድ እናቴ” ይላል። ልብ የሚነካ ጽሑፍ ነው። ቦሌ ያሉት እናቶች ሁሉ ይደርሳቸዋል። እናት እናት ናት፣ የማንም ትሁን የማን።

“የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል” ይሉ ነበር አባቶቻችን። ይህቺ ግን ክፉ አይደለችም፤ ምንም ልጥ አልነከረችበትም። ወደ ጠበሉም ድርሽ አላለች።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የሆነውን ሰምተሃል? ለሥርጉት የነገሯት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጨለማው ውስጥ ቁጭ እንዳሉ ሽታው መጣባቸው። ያ ሻይ የተቆላ አይደል? ምድጃ ሲገባ የሚያርር ነገር ይመስላል። እሳቸው የጃፓንን ሽታ የት ያውቁታል? “ልጄ ደክሟት እንቅልፍ ጣላት፣ ሥራዋ አረረባት” ብለው ደነገጡ። ተጣሩ። አልሰማችም፤ ጆሮ ላይ የሚሰካው ነገር ነበረባት መሰለኝ። የልጃቸውን ኩኪስ ሊያድኑ በዳበሳ ወጡና… ደረጃው ላይ ወደቁ።

መጣች እኮ። አልመጣችም አልልህም፣ እግዜር ያያል። በሩ ላይ ቆማ “እማ፣ ሽታው እንዲህ ነው፣ አላረረም” አለቻቸው። በትሕትና ነው ያለችው። ከዚያ ተመለሰች። ምን ታድርግ? ኩኪስ ትንሽ ካለፈበት ያርራል። እናት… እናት አታርርም።

ያነሳናቸው እኔና ሥርጉት ነን። አጥንት የተሰበረ አይመስልም፣ ተመስገን፤ ዳሌያቸው ግን አብጦ ይኸው እስከ ዛሬ መቆም አልቻሉም። ሐኪም አያቸው ወይ ትለኝ ይሆናል። እሑድ ይለፍ ተብሏል። ጤና ጣቢያው እንደሆነ እዚያው ነው፣ የትም አይሄድ። ባጃጅም ይደርሳል፤ ግን ባጃጁም እንደ መስመሩ ነው መሰለኝ… ካርቶንና እናትን ባንድ ላይ አይችልም።

ሥርጉት በማግስቱ ፔርሙዝ ይዛላቸው ስትገባ መጀመሪያ ምን ብለው ጠየቁ መሰለህ? “ኩኪሱ ተረፈላት ወይ?” … ላም አለኝ በሰማይ ብሎ የተከዘ ሰው እሳቸውን አላየም። የእሳቸው ላም ሰማይ ላይ አይደለችም፣ ከግድግዳው ማዶ ናት። ወተቱ ግን ያው ነው።

ተረሱ እንዳትል ደግሞ። የተሰባበረው ኩኪስ በሳህን ተልኮላቸዋል። ጥርስ እንኳ የላቸውም። ሻይ ውስጥ ነክረው እንዳይበሉት፣ ሻዩን ልጅቷ ቀድማ ኩኪሱ ውስጥ ከታዋለች። ብልህ ናት አላልኩህም?

እኔ ምን አገባኝ። የአሮጌ ሰው ምላስ ሥራ ሲያጣ እንዲህ ነው። ዝናቡ መጣ መሰለኝ መገርሳ፣ ጉልበቴ አላበለም።

ይኸው ባጃጅሽ ደረሰ ልጄ። ምነው ፊትሽ? አቧራው ነው? ቆይ ካርቶኑን ላቀብልሽ፣ ቀስ… እንዳይሰባበርብሽ። አይ፣ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው። ስም የጠራ የለም፤ መገርሳ ምስክሬ ነው። ትንሿ ልጅሽ እንዴት ናት? ትናንት በመንገዱ ሳልፍ በመስኮቱ አየኋት። ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ ዓይኗ ካንቺ አይነቀልም። እንዴት ያለች አስተዋይ ልጅ ናት፣ አንድም ነገር አያመልጣት።

በይ እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናው። ገበያሽን ይባርከው። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፣ እርጅናሽን ያሳይሽ። ጧሪ አያሳጣሽ። ያቺ ልጅሽ አድጋ፣ ባለሙያ ሆና፣ አንቺ እናትሽን እንደያዝሻቸው አድርጋ፣ ምንም ሳትጨምር ምንም ሳትቀንስ፣ እንዲሁ ትያዝሽ።

አሜን በይ እንጂ ልጄ።