የአለኸኝ ዕረፍት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል የተጨመረበት እንደሆነ የተናገረው ምላስ ይድረቅ! ጋሽ ዘሩን ቡሬ ላይ የማያውቅ የለም፤ የእህል መጋዘናቸው ከስፋቱ የተነሳ በአንዱ በር የገባች ድንቢጥ በሌላው የምትወጣው አርጅታ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ፍኖተ ሰላም ሊሄዱ ሚኒባስ ሲሳፈሩ ከጎናቸው የተቀመጠችው የጎረቤታቸው ልጅ ወይኒቱ ሆና ተገኘች። ወይኒቱ ሕግ ተምራ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ሆናለች። መኪናው አርባ ሦስት ሰውና ሁለት በግ ጭኗል፤ በጎቹ ሳይቀሩ ጆሯቸውን አቁመው የሰሙት ክርክር ይህ ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? አለኸኝ ትናንት ቢሯችን መጥቶ ነበር።»

«የኔው ተሸካሚ? ምን ጎደለብኝ አለ?»

«ዕረፍት። በነርስነት የተመረቀችውን ልጁን፣ ያምሮትን፣ እሑድ አገሩ ሊበን ላይ ይድራል። አንድ ሳምንት ቢጠይቅዎት ከለከሉት።»

«ሰባት ዓመት እንደ ልጄ ይዤው! ደግሞ ምን ያስቸኩለዋል? አባ ፍትሐት ሲያደርሱልን ሁላችንም እናርፍ የለ?»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ ዘሩ ቀልዳቸው እንደሠራ አይተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ወይኒቱም አብራ ሳቀች፤ ግን አልለቀቀቻቸውም።

«እንደ ልጅዎ ከያዙት ሠርጉን እንዴት ይከለክሉታል? የሠራተኛ አዋጁ እኮ ለመጀመሪያው ዓመት እንኳ ዐሥራ ስድስት የሥራ ቀን ይሰጠዋል፤ ያውም ከነደመወዙ።»

«እሺ፣ ልስጥ። ማዶ ያለው ነጋዴ ገነነ ግን አይሰጥም። የሱ እህል ሲጫን የኔን ተቀምጦ ነቀዝ ይብላው?»

«ይኸውልዎ! አዋጅ ያስፈለገው ለዚሁ ነው። ነገሩ በየሰዉ ደግነት ከተተወማ የሚጎዳው ደጉ ነው። ነገ የጋሽ ገነነንም በር አንኳኳለሁ። ሕጉ ለሁለታችሁም እኩል ከሆነ ማን ማንን ይቀድማል?»

ጋሽ ዘሩ መልስ ፍለጋ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልካቸው ጮኸ። የመጋዘኑ ጥበቃ አስናቀው ነበር።

«ጋሼ፣ አለኸኝን ኩንታል ሲያነሳ ወገቡን ያዘው…» መስመሩ ተንኮሻኮሸ። «…አሁን ዐርፏል።»

ስልኩ ተቋረጠ።

«ወንድሜን!» ብለው የለቀቁት ጩኸት ወደ ኋላ ቡሬ፣ ወደ ፊት ፍኖተ ሰላም ድረስ ተሰማ። ሾፌሩ ደንግጦ ቆመ። ጋሽ ዘሩ ወርደው ደረታቸውን እየደቁ መኪናውን ዘጠኝ ጊዜ ዞሩት።

«ልጁን ሳይድር! በኔ ክፉ አፍ! ምነው አንድ ቀን እንኳ በቁሙ ባሳረፍሁት! ብቻ ይነሣልኝ፣ ሳምንት አይደለም፣ ወር እሰጠዋለሁ!»

ወይኒቱ መልሳ ደወለች። ሰማች። ሳቋን መዋጥ አቃታት።

«ጋሼ፣ ዐርፏል ያለው ከዛፉ ሥር ጋደም ብሎ ነው። ሻይ እየጠጣ ነው።»

«ወር ብለዋል! ሰምተናል!» ብለው በጎቹን የያዙት እናት ከመስኮት ጮኹ።

ጋሽ ዘሩ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ሳቁ። «ወሩስ ለሟች ነበር፤ በሕይወት ላለው ግን አዋጁ ያዘዘውን አንዲት ቀን ሳላጎድል! ልጄ፣ ረተሽኛል። በይ እንመለስ፣ የሁሉንም ውል ጻፊልኝ።»

ተመለሱም። ለሠራተኛው ሁሉ የጽሑፍ ውል ተሰጠ፤ ኩንታል በአንድ ሰው ጫንቃ መሆኑ ቀርቶ በጋሪ ተገፋ። ዐርፎ የተመለሰ ሠራተኛ የሁለት ቀኑን ጭነት በግማሽ ቀን ጨረሰው። ማዶ የነበሩት ተሸካሚዎች ወደዚህ ሲያማትሩ፣ ገነነ ተቆጣጣሪዋን ራሱ ሄዶ ጠራት። ሠራተኛው ጤና አገኘ፣ ቤቱን አወቀ፤ አሠሪውም እጁ የጠና፣ ልቡ ያልሸፈተ ሰው አገኘ። የአንድ አዋጅ ትሩፋት ይህን ያህል ነው! በሠርጉም ላይ ሦስት ሺህ ዕድምተኛ ፊት ጋሽ ዘሩ እስክስታ ሲመቱ የዳሱ ጣራ ተነሥቶ ጎረቤት አረፈ።

ታሪኩ እዚህ ደርሶ አድማጭ ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው አለኸኝ ራሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዕረፍት ውጣ ያሉኝኮ ጋሽ ዘሩ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ ብዬ የተከራከርኋቸው እኔ ነኝ። ያምሮትም ገና አራተኛ ክፍል ናት።»