የሀምዳም አካ ቀጥ ያለ ሽቦ

— ሄሎ?… ሄሎ፣ ማነው?… ኡልማስ! አንተ ነህ እንዴ? መነጽሬን ሳላደርግ አንስቼው ነው እኮ… ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት። ሙናቫር! ልጅሽ ነው!… አይ፣ ለእሷ እየነገርኳት ነው። በዓል ሳይሆን ደወልክ፣ እሱ ገርሞኝ ነው።… ማን ተቆጣ? አልተቆጣሁም።

— ምን ሆነብህ?… ቀስ በል፣ ቀስ በል። ምኑ ነው የሚጮኸው?… የምን አምፕሊፋየር?… እ… እንደ ድሮ ራዲዮ ባለ አምፖል፣ ለጆሮ ማዳመጫ የሚሆን። ተበታትኖ በካርቶን የመጣ፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም።… አንተ ገጠምከው? በገዛ እጅህ በየድክ? አንተ? ከማን ጋር?

— ከሀምዳም አካ ጋር።… ምንም አላልኩም። ሳል ነው።

— ሙናቫር፣ ሰማሽ? ልጅሽ ከሚስቱ አባት ጋር አምፕሊፋየር ሠራ! ከሀምዳም ጋር! «አካ»፣ «ታላቄ» እያልኩ ከማከብረው! ዕድሜውን ሙሉ የሕንጻ ንድፍ ሲስል የኖረ ሰው፣ መበየጃ በየት በኩል እንደሚግል የማያውቅ ሰው! እኔ አርባ ዓመት ራዲዮ የጠገንኩት፣ ግማሽ ታሽከንት «ኡስታ ጎፉር፣ ባለሙያው ጎፉር» እያለ ዕቃውን ተሸክሞ የሚመጣብኝ፣ እዚህ እንደ አሮጌ ወንበር ተቀምጫለሁ።… ምን ያስቅሻል?

— አለሁ፣ አለሁ ኡልማስ። እናትህን ነው።… መቼ ጀመራችሁት?… ከናቭሩዝ በዓል፣ ከመጋቢት ወዲህ! ቅዳሜ ቅዳሜ! እኛን «ቅዳሜ ሥራ አለብኝ» ትለን የለ? ለካ ይሄ ነው ሥራው።… ቅናት? የምን ቅናት! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልቅና?

— ምን አልክ?… «አትንካ» እያልኩህ አደግህ?… ስድስት ዓመትህ ነበር እኮ ኡልማስ! ያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ቮልት ክፍቱን ነው የሚውለው፣ ምን ልበል፣ «ና ጣትህን ክተት» ልበል?… በኋላም?… በኋላማ… ሥራ በዝቶብኝ ነበር።… እሺ፣ ሃያ ዓመትህም ሆኖ ብዬህ ይሆናል። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ተወው አሁን። ስለ ዕቃው ንገረኝ።

— መጀመሪያ ሲገጠም ደህና ነበር።… ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ «እናሻሽለው» ተባለ። ማነው «እናሻሽለው» ያለው?… አወቅኩት!… አምፖሎቹን ቀየራችሁ። ከያንጊዮቦድ ገበያ፣ የድሮ የሶቪየት አምፖል።… እሱስ ጥሩ ነው፣ እሱን አልተቃወምኩም። ግን እዚያ የሚሸጡት ሁሉ ያውቁኛል፣ «የኡስታ ጎፉር ልጅ ነኝ» ብትላቸው ኖሮ ከሳጥን ሥር መርጠው ይሰጡህ ነበር።… አላልክም። ሀምዳም አካ ዋጋ ተከራከረልህ። ጎሽ። ጎበዝ ነው።

— እስቲ ማዳመጫውን ወደ ስልኩ አስጠጋልኝ።… ሙናቫር፣ ያንን ውሃ ዝጊው፣ አልሰማም!… እ።… እህ።… ኡልማስ፣ አንተ ጆሮ ላይ እንዴት ነው? እንደ ንብ ጥዝዝ ይላል ወይስ እንደ በሬ እምም?… እንደ በሬ።… ድምጽ መቀነሻውን ስታዞረው ይቀንሳል?… አይቀንስም። አሃ። ሽቦም ቀይራችኋል፣ አይደል?… አምፖሎቹን የሚያሞቁትን ሁለቱን ሽቦዎች ነው የምልህ። ሲመጡ እርስ በርስ ተገምደው አልነበር?… ነበሩ።… አስቀያሚ ናቸው ብሎ ፈታቸው!… በማስመሪያ ለክቶ! ቀጥ አድርጎ ከድምጹ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን አሰራቸው!… «እንደ ንድፍ ያምራል»። ቆይ አንዴ፣ ቆየኝማ።

— ሙናቫር፣ ነይ ወደዚህ።… አይሰማም፣ ስልኩን በመዳፌ ሸፍኜዋለሁ። አገኘሁት! የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ሁለቱን ሽቦዎች መልሶ መግመድ ብቻ።… አልነግረውም። ምን ቆርጦኝ ነው የምነግረው? ይምጣ! እዚህ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠው፣ አጠገቤ ይቀመጥ።… አዎ ቀንቻለሁ! ድብን ብያለሁ! ልጄ አይደለም እንዴ? የስንት ቅዳሜ ልጄን ነው ያ ሰውዬ የወሰደብኝ!… ነውር ከሆነ ይሁን።

— አለሁ ኡልማስ።… አይ፣ ነገሩ ከባድ ነው። በስልክ የሚሆን አይደለም። በዓይን መታየት አለበት። እሁድ ይዘኸው ና። እናትህ ፓሎቭ ትሠራለች፣ ሩዙም የበጉ ላትም ከትናንት ጀምሮ አለ።… በጠዋት ና። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እንዲያውም ሁለት እሁድ ሳይፈጅ አይቀርም።… ትመጣለህ? በል እሺ! እሺ ልጄ!

— ማን ነው ሊያናግረኝ የሚፈልገው?… እስካሁን አጠገብህ ነው እንዴ?… ስጠው፣ ስጠው እንጂ።

— ሀምዳም አካ! እንደምን ዋሉ? ጤናዎስ? ጉልበትዎ ተሻለዎ?… አልሐምዱሊላህ፣ አለን።… ሰማሁ፣ ሰማሁ። ሥራዎ ያማረ ነው አሉኝ።… ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተራ ጠጋኝ ነኝ።… እሁድ? እርስዎም?… ለምን ይደክማሉ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።… ከልጃችን ጋር። አዎ… ልጃችን።… ይቅርታ፣ አልሰማሁም፣ ለማን?… ለእኔ?… ይሄን ከጨረሳችሁ በኋላ ለእኔ አንድ ልትሠሩልኝ?… እኔ ቁጭ ብዬ ልሰማ፣ እናንተ ልትበይዱልኝ?

— ሀምዳም አካ፣ ሽቦዎቹን ይግመዷቸው!… አዎ! ሁለቱን! እንደ ገመድ! ከድምጹ ሽቦም ያርቋቸው! በሽታው ይኸው ነው! ማስመሪያዎን ለሕንጻ ያስቀምጡት! የማንም መምጣት አያስፈልግም፣ የማንም መድከም አያስፈልግም! ልጁን ስልኩ ላይ ያቅርቡልኝ!

— ኡልማስ፣ ስማ።… አዎ፣ አሁን ትዝ አለኝ። መጀመሪያ እንሞክረው። የእንጨት ማንኪያ አለ? ደረቅ?… ዕቃው በርቷል?… ስልኩን እሳቸው ጆሮህ ላይ ይያዙልህ። ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።… ክተት አልኩህ! ኪስ ከሌለህ ከኋላህ አድርገው፣ በአንድ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ብረቱን እንዳትነካ። በማንኪያው እጀታ ሁለቱን ሽቦዎች ከድምጹ ሽቦ ገፋ አድርጋቸው።… ቀስ።… ቀስ ልጄ።… ሄሎ?… ኡልማስ? ትሰማኛለህ? ኤሌክትሪክ ያዘህ እንዴ? ኡልማስ!

— ጩኸቱ ዝም አለ?… ጭጭ?… እሰይ። እንኳን ደስ ያላችሁ።… አሁን አጥፉት፣ ከሶኬት ነቅላችሁ ጥቂት ጠብቁ፣ ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ጠፍቶም ይይዛል፣ ከዚያ ገምዳችሁ በይዱት።… እሁድ?… አዎ… ከተሠራማ ምን ያደርጋል። እውነትህን ነው።… አይ፣ አልከፋኝም። ሌላ ጊዜ።… ኡልማስ?… ሄሎ?

— ሙናቫር፣ ዝም በይ፣ ዝም በይ። አልዘጉትም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥለውታል።… አጥፉት ስላቸው ዘፈን ከፈቱ።… ማዳመጫውን ለሁለት ይዘውታል መሰለኝ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጆሮ። «ጭንቅላትህን ጠጋ አድርገው» ይለዋል ሀምዳም። ልጅሽ ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ እኔ ሰምቼው አላውቅም። አንቺ ሰምተሻል?

— ቆይ… ሀምዳም ነው የሚያወራው። «እንዴት ያለ ጆሮ ነው ያለው አባትህ! እሁድ እንሂድና ከእጁ እንማር» ይላል።… እሱ ነው እንዲህ ያለው፣ አዎ፣ ሀምዳም ራሱ።… ኡልማስ ደግሞ… አትናገሪ እስቲ!… «ይቅርብዎ» አለው። «አባቴ ሰው ጠረጴዛው ጋ ሲደርስበት አይወድም። እኔንም ቢሆን። መምጣት አያስፈልግም ሲል ሰምተውት የለ» አለው።

— ኡልማስ! ሄሎ! ማነው የማይወድ? ና! እሁድ ና! ቅዳሜም ና! ጠረጴዛውን ባዶ አደርግልሃለሁ፣ አንተ ትበይዳለህ፣ እኔ መብራት እይዝልሃለሁ! እሳቸውንም ይዘህ ና!… ሀምዳም አካ! ሄሎ!… አይሰሙኝም፣ ዘፈኑን ከፍ አድርገውታል። ኡልማስ!… ሄሎ?… ሄሎ?

— ተቋረጠ።

— እንቺ፣ አንቺ ደውዪላቸው።… እኔ አልችልም፣ ምን ብዬ? አንቺ ንገሪያቸው። ሁለቱም ይምጡ በይ፣ ሀምዳምም ጭምር።… እኔ አልኩ እንዳትይ ብቻ።