ብቻውን ጠቅ ያለው ጠመንጃ

ከአቶ ሙላው ጋር የተገናኘነው በስደት ከተማችን በሆፕኪንስ፣ በምንኖርበት አፓርታማ ደረጃ ላይ፣ በኅዳር መጀመሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ያለ ሰዓቱ ጠቁሯል። እሳቸው የጸበል ጄሪካን ይዘዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የታመመ ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰው አይደለም፤ ጠመንጃዬ ነው። መምህር፣ ይግቡና ይዩልኝ።»

ጠመንጃው ቁምሳጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ጨርቁ ላይ ቀይ ነገር ፈሶ ደርቋል። አፈሙዙ ወደ ስሱ ግድግዳ ዞሯል፤ ከግድግዳው ወዲያ የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው የሩት አልጋ አለ። ሕፃኗ ለብቻዋ ስታወራ ይሰማኛል።

አቶ ሙላው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ትናንት አጋዘን አደን ሄደው በዚያ ብርድ ምላጩን ቢስቡ ዝም አለ። ማቀባበያውም አልንቀሳቀስ አለ። ጥይት እንደጎረሰ ቤት አመጡት። ቤት ሲገባ አላበው። ማታ ብቻቸውን እራት ሲበሉ ደግሞ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ጠቅ አለ።

«ከማላውቀው ሰው ነው የገዛሁት። አንድ ነፍስ ሳይኖርበት አይቀርም። ጸበል ስረጨው ይብስ ይደማል።»

ደሜ ፈላ። እኛ በስንፍናችን ያበላሸነውን ሁሉ በመንፈስ እናላክካለን፤ መንፈስም ጠበቃ የለው!

ኤርፖርት የአውሮፕላን መካኒክ የሆነችው ልጃቸው ፀሎት ከሺፍት ስትገባ ነገሩን ሰማች። ልጇን ብድግ አድርጋ እኔ ቤት፣ ባለቤቴ ዘንድ አስገብታ ተመለሰች።

«አባዬ፣ በምንድን ነው የሚቀቡት?»

«በኑግ ዘይት። ክላሼን አሥራ ሁለት ዓመት በሱ ነው የያዝኩት። አንቺ የት ነበርሽ ያኔ?»

«ያኔ ቆላ ነበሩ፤ በየቀኑ ፈትተው ይወለውሉት ነበር። ይሄንንስ?»

«ላዩ ላይ እጨምርበታለሁ እንጂ… መፍታቱን እንኳ…»

«ከገዙት ስድስት ዓመቱ! የኑግ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል፤ ብርድ ሲመታው ደግሞ ይጠጥራል። ምላጩን ሲስቡ፣ ጥይቱን የሚመታው ብረት ሙጫው ውስጥ ተይዞ ቀረ። ቤት ሲሞቅ ተለቀቀ።»

«አንቺ አውሮፕላንሽን ቅቢ!»

«አውሮፕላንም በኑግ ዘይት አይበርም፣ አባዬ።»

«ላቡስ? ደሙስ?»

«ከብርድ ሲገቡ መነጽርዎን ጉም ይሸፍነው የለ? ላቡ ያ ነው። ደሙ ዝገት ነው፤ ጸበሉ አባሰው።»

«ጸበል ያበላሻል ትያለሽ?»

«ሰውን ያድናል። ብረት ግን እርጥበቱን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነከሱ እንጂ አላመኑም። ፀሎት ጠመንጃውን በጓሮ በር አውጥታ፣ አፈሙዙን ወደ አንድ የአፈር ቁልል አዙራ፣ ማቀባበያውን ሳበች። ጥይቱ ወጣ። አንስታ ኋላውን አሳየችን፤ መሐሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ስርጉድ አለች። ብረቱ መትቶታል፤ ጉልበት አጥሮት እንጂ በፈነዳ ነበር።

አቶ ሙላው ስርጉዷን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ያን ሰዓት ሩትን አስተኝቻት ነበር» አሉ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አስተምሪኝ» አሉ በመጨረሻ።

አስተማረቻቸው። አሮጌውን ሙጫ በማጽጃ አጥቦ ማድረቅ፤ ለብርድ የተሠራ ቀጭን የጠመንጃ ዘይት ጥቂት ጠብታ አድርጎ መልሶ መጥረግ፤ ጥይቱን ጫካው ውስጥ ማውጣት፤ ቤት ሲደርሱ ብረቱ ከነማኅደሩ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ጠብቆ እርጥበቱን ማድረቅ፤ ከዚያ ቆልፎ ማስቀመጥ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጠመንጃው አይዝግም፣ በብርድም አይከዳም። አንድ ሕፃን ደግሞ ከግድግዳ ወዲያ ተኝታ፣ ጠዋት ትነሣለች።