ሁለተኛ ደረጃ የወጣው ቤት

የቤት ግብር ተመን ተሻሽሎ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ቤት እየለካን ደረጃ የምናወጣበት ሰሞን ነው። እኔ የለካሁትን ደግሜ ካልለካሁ የማላምን ሰው ነኝ፤ የአንዲት እናት ቤት ደግሞ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ መሃል ዋለለብኝ። ሳሎኑ ሴራሚክ ነው፣ ጓዳው ግን ሊሾ። ብዙ ካመነታሁ በኋላ፣ "ደስ ይበልዎት እማማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ግብሩ ይቀልልዎታል" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። "የጎረቤቴስ?"

"የእሳቸው አንደኛ ነው።"

"እንዴት ተደርጎ! የሷም ልጅ ደቡብ አፍሪካ፣ የእኔም ልጅ ደቡብ አፍሪካ። ልጄ ዘራፊ ፈርቶ ብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ ዕቃ እየሸጠ የሠራውን ቤት ነው ሁለተኛ የምትለው?"

"እማማ፣ አንደኛ ከሆነ እኮ ብዙ ያስከፍላል!"

"ስለ ክፍያ ማን ጠየቀህ?"

ተሳስቼ ይሆን ብዬ የጓዳውን ወለል እንደገና ለማየት ጎንበስ ስል፣ እሳቸው ግብሩን ለሚከፍለው ልጃቸው ደወሉና እኔም እንድሰማ ስፒከር ላይ አደረጉት። "ልጄ፣ ጉድህን ስማ! የሠራኸውን ቤት ሁለተኛ ደረጃ አሉት፤ የጎረቤታችንን አንደኛ!"

"ተመስገን!" አለ ልጁ ከወዲያ። "እማዬ፣ ሦስተኛ ደረጃ የለም ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ!"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ኔትወርክ የለም" አሉኝ። "አንተ አንደኛ ብለህ ጻፍ።"