የውስጥ ኪስ

— ሄሎ? … አቤት፣ ታደለች ነኝ። … አንተ ነህ እንዴ ስምዖን? ምነው በዚህ ሰዓት፣ ደህና ነህ? … እኔማ ያው ነኝ፤ በአንድ እጄ ወገቤን፣ በአንድ እጄ መርፌዬን ይዤ። … አይ፣ አልረበሽከኝም። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌዋለሁ፤ እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ያንተ ነው። ተናገር።

— ካፖርትህ? አዎ፣ እዚሁ ጭኔ ላይ ነው። ገበሩን ቀየርኩልህ። እንዴት አድርገህ ነው ግን የቀደድከው? ውሻ ነው የያዘህ? … እሺ፣ እሺ። ሰኞ በፖስታ እልክልሃለሁ፤ ለገበር ብለህ ከዙሪክ ጄኔቭ አትመላለስ።

— ሄሎ? … ቆይ፣ አልሰማሁህም፣ የመተኮሻው ማሽን ጮኸብኝ። አበባየሁ! አንቺ አበባየሁ፣ እስቲ እንፋሎቱን ለአንድ ደቂቃ ተይልኝ። ዋርሳዬ ነው፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ከዙሪክ። … ሰላም ብላሃለች። እሺ፣ አሁን ተናገር።

— የውስጥ ኪሱን? ምን ሆነ? ጥሩ ኪስ ነው እኮ። … ወደ ታች ላስረዝመው? … ይቻላል። ልኩን ንገረኛ።

— ርዝመቱ አስራ አራት ሳንቲም። … ወርዱ አስር። … ውፍረቱ? አንተ ልጅ፣ ኪስ ውፍረት የለውም፤ ውፍረት ያለው የሚገባበት ነገር ነው። … ሁለት ተኩል። እና ምንድነው እሱ፣ ስልክ ነው? … አይ፣ ክብደቱን ልወቅ ብዬ ነው፣ ጨርቁን እንዳይጎትተው። … ግማሽ ኪሎ? ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ስልክ ከየት መጣ? ወይስ ዳዊት መድገም ጀመርክ፣ ያውም በዚያ የመሸታ ቤት ሰፈር፣ ላንግሽትራሰ ላይ?

— እሺ … በግራ ደረት በኩል፣ በቀኝ እጅ የሚወጣ። … ቁልፍ እንዳይኖረው። … ውስጡ የሚያንሸራትት ጨርቅ ይሁን። ቶሎ እንዲወጣ …

— …

— አለሁ። አልተቋረጠም። መርፌዬን ላስቀምጥ ብዬ ነው።

— ስምዖን፣ እኔ መርካቶ ስድስት ዓመት ኪስ ሰፍቻለሁ። ሰው የኪስ ልክ ሲሰጠኝ ምን ሊከትበት እንደሆነ ሳይነግረኝ አውቃለሁ። አሁን አትዋሸኝ። ሽጉጥ ነው?

— … በስመ አብ!

— «ትንሽ ናት» ብሎ ነገር ምንድነው? ጊንጥም ትንሽ ናት።

— ገዛኸው? … ገና ነህ። … ማነው የሚሸጥልህ? አይ፣ አትንገረኝ፣ ማወቅም አልፈልግ። … ሁለት አሳይቶህ ለዛሬ ማታ ምረጥ አለህ። እና አንተ እኔን ልታስመርጠኝ ደወልክ? … «የቷ አትታይም» ነው ጥያቄው? ወይ ጉዴ! ሽጉጥ ማማረጥ ነበር የቀረኝ።

— እሺ፣ ከጠየቅከኝ አይቀር ልመልስልህ። አንደኛው ስድስት ጎራሽ ነው አልክ? እሱ ሆዱ ወፍራም ነው፣ በምንም ጨርቅ ሥር ያብጣል። … ጠፍጣፋዋ ደግሞ ሱሪ ኪስ ብትገባ፣ ስትቀመጥ ትታያለች። ካፖርት ውስጥ ብትገባ ካፖርቱን ወደ አንድ ጎን ትጎትተዋለች፣ ትከሻህ ይወርዳል። እዚሁ ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ፣ አምባሳደሩ ቤት ስሠራ፣ አንድ ጠባቂ ነበር። ፈቃድ ያለው፣ ፈተና የተፈተነ፣ ደሞዝ የሚከፈለው። የእሱን ኮት የማድስለት እኔ ነበርኩ። የአንድ ጎኑ ገበር በየሦስት ወሩ ያልቃል። ብረት ገበር ይበላል፣ ስምዖን። በዚያ ላይ ልብሱ ቢደብቅልህ እንኳ እጅህ አይደብቅልህም። «አለች? የለችም?» እያልክ ስትዳብሳት ትውላለህ። እንዲህ እየሆንክ ነው ሳህን የምታመላልሰው?

— አልተቆጣሁም። ደክሞኛል። መቆጣትም አቅም ይፈልጋል።

— ማንን ፈርተህ ነው? … ያ ሰካራም? አለቃህ አምሃ ምግብ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሰብሮ ጎትተህ ያስወጣኸው? እሱ እኮ ወር አለፈው። … መቼ? … ረቡዕ፣ ትራም ፌርማታው ላይ። … ቢላዋ አለኝ አለህ ወይስ አሳየህ? … አየኸው። … እና ምን አለህ? … «የምትወጣበትን ሰዓት አውቀዋለሁ።» … ትናንትም ቆሞ ነበር? ከመንገዱ ማዶ?

— ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም? … እኔን ላለማስጨነቅ! አሁን እንግዲህ አላስጨነቅከኝም።

— ኧረ ፈሪስ አልልህም። ቢላዋ ያልተፈራ ምን ይፈራል? እኔም ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም። … ቆይማ አንዴ፣ ሰው ገባ።

— ቦንዡር፣ ማዳም! ዊ፣ ዊ፣ ኡን ፕቲት ሚኑት! አበባየሁ፣ የባልዋን ሱሪ ስጫት፣ ሁለተኛው መስቀያ ላይ ነው። … እሱ አይደለም፣ ግራጫው። … እ፣ እሱ። መርሲ ማዳም፣ ቦን ዥርኔ!

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … እንዳትዘጋ። አበባየሁ፣ ከመሄድሽ በፊት ክር አጥልቂልኝ። ጥቁሩን። … አይ፣ ወፍራሙን። ይሄ ዓይኔ እምቢ ብሎኛል። … እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ ሂጂ ምሳሽን ብዪ፣ ሱቁን እኔ አያለሁ። በሩን ሳብ አድርጊው።

— ሄደች። አሁን የምነግርህን አታቋርጠኝ። አንዴ ካቆምኩ አልቀጥለውም።

— ወንድምህ አስፋው እንዴት እንደሞተ ማን ነገረህ? … እናትህ። ተባራሪ ጥይት ነው አለችህ። … አዎ። ለእሷም ተባራሪ ነው ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። አንተ ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር፣ ስምንት? … ተባራሪ አልነበረም፣ ስምዖን።

— የምን ሽጉጥ! ወንድምህ እኮ ዶሮ ማረድ የሚፈራ ሰው ነበር። አታቋርጠኝ አልኩህ።

— አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ሌባ ኪሱ ገባበት። እኔም ጎበዟ፣ ሌባ የማይደርስበት የውስጥ ኪስ ሰፋሁለት። ጥልቅ፣ አፉ ጠባብ፣ ላዩ ላይ ቁልፍ። እንዴት ደስ ብሎት ነበር መሰለህ! ሱቅ ለመጣው ሰው ሁሉ ኮቱን እየገለጠ ያሳይ ነበር፣ «የሚስቴ ሥራ» እያለ። … ከዚያ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሆነ። ክረምቱ አለፈ፣ ጥቅምት ላይ ከተማው ታወከ። ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤት ሲመጣ ወታደሮች አስቆሙት። መታወቂያ አሉት። እጁን ከተተ። … አልወጣም። የእጅ ሰዓቱ የኪሱ አፍ ላይ ያዘው። እነሱ «እጅህን አውጣ!» ይላሉ፣ እሱ ከኪሱ ጋር ይታገላል። አብሮት የነበረው ልጅ ነው የነገረኝ። «ጋሼ፣ ቆይ፣ አንዴ ቆይ» ይል ነበር አለኝ። ታናሹ የሚሆነውን ወታደር፣ ጋሼ ብሎ።

— … ቤት ሲያመጡት እጁ እዚያው ኪሱ ውስጥ ነበር። ኪሱን በመቀስ የቀደድኩት እኔ ነኝ። መታወቂያውን ይዟል። ሌላ ምንም አልያዘም።

— … አልቅስ። ግድ የለም፣ አልቅስ። እኔ አስራ ሦስት ዓመት አልቅሼዋለሁ።

— ለምን እነግራችኋለሁ? ኪሱን የሰፋሁት እኔ አይደለሁ? እናትህን በምን ዓይኔ አያታለሁ? … «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አትበለኝ። እሱን ለራሴ ብዬው አይቻለሁ፣ አልሠራም።

— ይልቅ አንድ ነገር መልስልኝ። ባለፈው ወር ፖሊስ ስንት ጊዜ አስቆመኝ ነበር ያልከኝ? … ሦስቴ። አውስቫይስ፣ መታወቂያ ሲሉህ እጅህን ወዴት ነው የምትሰደው? … አየህ። ደረትህ ውስጥ፣ እዚያው። … እሺ፣ አንተ አታወጣትም፣ አምንሃለሁ። ግን እዚያ እንዳለች አንተ ታውቃለህ። ፊትህ ያውቃል። እነሱ ደግሞ ፊትህን ያያሉ። አሁን የሚያስፈራህ አንድ ሰካራም ነው፤ እሷን ከያዝክ ግን ከተማው በሙሉ ያስፈራሃል።

— አዎ፣ ፖሊስ ጋ ነው የምንሄደው። … ስምህ ቢመዘገብ ይመዝገብ፣ ተበዳይ ሆነህ ነው የምትመዘገበው! ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዘህ ብትገኝስ? ያ የምትጠብቀው የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠኛል ብለህ ነው? … ማን ብቻህን ሂድ አለህ? እኔ እመጣለሁ። … ነገ። በጠዋቱ ባቡር። … ሱቁንማ አበባየሁ ትይዘዋለች። አምሃንም ይዘነው እንሄዳለን፤ የተሰበረው የእሱ ብርጭቆ ነው፣ ምስክር ይሁን። ዛሬም ቀደም አድርጎ እንዲለቅህ እኔ ራሴ እደውልለታለሁ። ከወጥ ቤቶቹ ጋር ውጣ፤ ፌርማታ ላይ ለብቻህ እንዳትቆም።

— አሁን ለዚያ ለሚሸጥልህ ሰውዬ ጻፍለት። … አሁኑኑ፣ መስመሩን ሳትዘጋ። … እጠብቅሃለሁ፣ ምን አለብኝ። ስፌቴን ልጨርስ።

— …

— ጻፍክ? አንብብልኝ። … «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ።» አመሰግናለሁን ምን አመጣው? … ይሁን ግድ የለም፣ እናትህ ጨዋ አድርጋ ነው ያሳደገችህ። ላከው። … ሄደ? … መለሰ እንዴ? … «ፈሪ» አለህ? ይበልህ። ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማህም? እናትህ አንድ ልጅ ነው የቀራት።

— ካፖርቱን ነገ ይዤልህ እመጣለሁ፣ ፖስታውን ተወው። … ኪሱን? ሠርቼዋለሁ። … አሁን፣ እያወራን። ዘግቼዋለሁ። … አዎ፣ አፉን ሰፍቼ ነዋ፣ በወፍራም ክር፣ በድርብ። የውጪዎቹንም ሁለት ኪሶች ጨምሬ። … ቀልዴን አይደለም። … ሳቅ እንግዲህ። ቅድም ከምታለቅሰው ይሻላል።

— አውስቫይስህንማ አንገትህ ላይ ታንጠለጥለዋለህ፣ እንደ ተማሪ። ማንጠልጠያውን ዛሬ እሰፋልሃለሁ። … ይሳቁብህ፣ ምን ይሆናል?

— እጅህን? … ብርድ ከሆነ ጓንት አመጣልሃለሁ። ሰው የሚያየው ቦታ ብቻ አድርገው። … እሺ በለኝ። … አልሰማሁህም። … እሺ። ጎሽ፣ የእኔ ወንድም።

— በል አሁን አንተ ዝጋው። … አይ፣ አንተ ዝጋው፣ እኔ አልችልም። ሁለቱም እጄ ካፖርትህ ላይ ነው።